ከአማቼ አፍ ስድብ ፍለጋ

ልጄን ያገባት ሰው ድምፁ ወፍራም ነው። የሚናገረው ስፓኒሽ ነው፤ ደህና እደሪ እንኳ ሲላት የተጣላት ይመስላል። ልጄ፣ ቤት ውስጥ ሚጡ ነው የምንላት፣ ከባሕር ማዶ ስትደውል እሱም ሰላም እንዲለኝ ብላ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ ታደርገዋለች። ሰላም ይለኛል፣ እኔም "ደህና ነህ ልጄ?" እለዋለሁ፤ ምን እንዳልኩት አያውቅም። ከዚያ ሁለቱ እኔ እንደሌለሁ ሆነው በስፓኒሽ ያወራሉ። ማን ይሰማናል ብለው።

የሆነ ጊዜ ላይ ግን ወሬያቸው ተለወጠብኝ። እሱ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ እሷ ታቋርጠዋለች፣ ከዚያ ወደኔ ተመልሳ "ምንም አይደለም እማ፣ ስለ ቤት ኪራይ ነው" ትላለች። እኔን ልታታልል። እጄ ላይ ያደገች ልጅ እኮ ናት፤ ስትዋሽ ትንፋሿ ያጥራል። ይሄ ሰውዬ ልጄን እየሰደበብኝ ነው አልኩ፤ ሌላ ምን ይሆናል?

ስፓኒሽ ልማር ብዬ ተነሳሁ። በዚህ ዕድሜዬ። ባሌ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሲሰማ ሳቁ ሊገድለው ደረሰ።

"የራስሽንስ ቋንቋ በወጉ ጨርሰሽዋል?" አለኝ።

"አንተ አርፈህ ሻይህን ጠጣ" አልኩት።

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምሠራው እዚያው ሳሎናችን ውስጥ ነው። ስልኬን የስፌት መኪናው ላይ አስደግፌ ትምህርቱን እከፍትና እየሰፋሁ እደግማለሁ። አስተማሪው ምን ቢል ጥሩ ነው? "ፖሙ ቀይ ነው።" ማን ጠየቀህ? እኔ በልጄ አንጀቴ እያረረ እሱ ስለ ፖም ያወራልኛል። "ሴትዮዋ ውሃ ትጠጣለች።" ትጠጣ። እሱን ተውኩትና ስድብ የሚያስተምር ሰው ፈለግሁ፤ እሱም አልጠፋም። ደደብ፣ ሰነፍ፣ ዝም በይ፣ ጥፊ ከፊቴ፤ ከዚህ የባሰውንም፣ አፌን አውጥቼ የማልናገረውን፣ ሁሉንም አጠናሁ። ቀሚስ ልትለካ የመጣች ደንበኛዬ "ምን እያሉ ነው የሚሰፉት?" ብትለኝ "ጸሎት ነው" አልኳት። ሴትዮዋ አሜን ብላ ተቀመጠች።

መቀመጥ ግን አቃተኝ። ትንሽ እሰፋና እነሳለሁ፣ መስኮቱ ጋ እሄዳለሁ፣ እዚያ ስደርስ ለምን እንደመጣሁ ይጠፋኛል። የአንዱን ሰው ሱሪ ዚፕ ገልብጬ ሰፋሁበት። ስልኩ ሲጠራ ልቤ ትዘላለች፣ ሳይጠራ ሲቀር ደግሞ ይብስብኛል። ባሌ "እባክሽ አንድ ቦታ እረፊ፣ አዞርሽኝ እኮ" ይለኛል።

ደግሞ እነሱ ሲያወሩ መክነፋቸው። ጆሮዬን አቁሜ ብሰማም አንድ ቃል ጠብ አይልልኝም። በመጨረሻ ጥሪውን መቅዳት ጀመርኩ። ቀድቼ፣ የድምፁን ፍጥነት ቀንሼ፣ ጨርቅ እየተረተርኩ መልሼ መላልሼ እሰማዋለሁ። ስፌትም ቸኩለው ከጎተቱት ጨርቁን ይዞ ይመጣል፤ አንድ አንድ ክር እያነሱ ነው። ባሌ የሰውዬውን የዘገየ ድምፅ ሰምቶ "ሰክሮ ነው እንዴ?" አለኝ።

ስድብ አጣሁ። አንድም የለም። ያገኘሁት "ዲሴሎ" የሚል ቃል ነው፤ ጥሪው ሁሉ ውስጥ አለ። ፈልጌ ፈልጌ ደረስኩበት፤ "ንገሪያት" ማለት ነው። ተከትሎት የሚመጣው ደግሞ "ለእናትሽ" ነው። ሰውዬው ልጄን ይለምናታል እንጂ አይቆጣትም። እሷ ናት "ኦይ ኖ" የምትለው፤ "ዛሬ አይሆንም"። ያ ሁሉ ስድብ እጄ ላይ ቀረ። ፍርሃቴ ግን ያን ጊዜ ነው የባሰው፤ ቢሰድባት ምን እንደምለው አውቅ ነበር። እንዲህ የሚደበቀኝ ነገር ምንድን ነው?

ለባሌ ነገርኩት። አልሳቀም።

"ጠይቂያታ" አለኝ።

"ጠየቅኳት እኮ። ደህና ነኝ ትላለች።"

ትንሽ አሰበና "በኛ ቋንቋ መዋሸት ለምዳለች" አለ። "በነሱ ጠይቂያት።"

እሁድ ከሰዓት በኋላ ደወለች። እሱ ሰላም አለኝ፤ ወዲያው ወደሷ ዞሮ ያቺኑ ቃል አነሳ። "ኦይ ኖ" አለችው።

መቀሱን አስቀመጥኩ። "ሲ፣ ኦይ" አልኩ። "ዲሜሎ።" አዎ ዛሬ፣ ንገሪኝ ማለቴ ነው።

ልጄ "እማ" አለችና ቆመች። እንደገና "እማ" አለች፤ ቀጥሎ የሚመጣው እምቢ አላት። እሱ በዚያ ወፍራም ድምፁ የሆነ ነገር በሹክሹክታ አላት። ባሌ ተነስቶ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

ከዚያ በስፓኒሽ ጀመረች። በኛ ቋንቋ አፏ አልታዘዝ ያላትን በሰው ቋንቋ፣ ቀስ እያለች፣ ለትንሽ ልጅ እንደሚነገር አድርጋ ነገረችኝ። ጡቷ ላይ እብጠት አግኝተውባታል። መርምረውታል፣ ክፉው ነው። ማክሰኞ ጡቷን ይቆርጡታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሐኪሞቹም አያውቁትም። እኔ እንኳን ብዙው ያመልጠኛል ብዬ ነበር። ምናለ ባመለጠኝ። አንድም ቃል አላመለጠኝም።

ባሌ ክርኔን ይዞ "ምን አለችሽ?" ይለኛል። "ንገሪኝ እንጂ፣ ምን አለችሽ?"

እሱ ስፓኒሽ አይችልም። ለሱ በኛ ቋንቋ መናገር አለብኝ።