የመፍቻ ልጅ ሽንት

መፍቻ ይሉታል፤ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ፍሳሽ ሲያስቆም የኖረ ሰው፣ ዛሬ የገዛ ልጁ ፍሳሽ እንዲጀምርለት ይለማመጣል። "በል እንጂ ጎበዝ፣ አባትህን አታዋርድ!" ይለዋል ትንሿ አልጋ ላይ ጎንበስ ብሎ።

ልጁ ሲወለድ ሰማያዊ ነበር፤ ለማልቀስም ተግደርድሯል። ዶክተሯ አገላብጣ አየችውና ቁርጡን መናገር ቸገራት። አየር አጥሮት ከሆነ ጭንቅላቱ እንዳይጎዳ ሰውነቱን ቶሎ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ ካላጠረው ደግሞ ጤነኛ ሕፃን በከንቱ ማንቀጥቀጥ ነው።

"አየር ያጠረው ገላ ሽንቱ ላይ ምልክት ይተዋል" አለች። "ሽንቱን አምጡልኝ። ሰዓቱ ካለፈ ማቀዝቀዙም አይጠቅመውም።"

አምጡልኝ ማለት ቀላል ነው። ነርሷ እንትኑ ላይ የለጠፈችው የፕላስቲክ ከረጢት በጎን አፈሰሰና የመጀመሪያውን ሽንት አንሶላው ጠጣው። አዲስ ከረጢት ትሪ ላይ አስቀምጣ፣ "መጣሁ፣ እንዳትነካው!" ብላ ወጣች። መፍቻን አትንካ ማለት ንካ ማለት ነው። በእሱ ሙያ ሳይሞከር የሚገጠም ነገር የለም። ከእጅ መታጠቢያው ሁለት ጣት ያህል ውሃ ሞላበትና አንጠልጥሎ አየው፤ ጠብ አላለም። ረክቶ ከነውሃው ትሪው ላይ መለሰውና ሚስቱን ሊያይ ሄደ።

ሲመለስ ከረጢቱ የለም። ነርሷ ተናዳ ጥላዋለች ብሎ አፉን ዘጋ።

ብዙም ሳይቆይ ዶክተሯ ፊቷ በርቶ መጣች። "እንኳን ደስ አለህ! ውጤቱ ንጹህ ነው፣ አንድም ምልክት የለበትም።"

መፍቻ እየሮጠ ሄዶ ሚስቱን አቀፋት። "ንጹህ ነው አሉ!" ከወለደች ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ልጁ ጋ ተመልሶ ዳይፐሩን ገለጥ ቢያደርግ ደረቅ ነው። ከረጢት የሚባል ነገርም አልተለጠፈበትም። ያኔ ገባው። ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? ሚስቱም እየሳቀች ትውላለች። እውነት ለመናገር፣ ለአንድ አፍታ ዝም ማለት አማረው። ከዚያ ዶክተሯንና ነርሷን ጠራቸው።

"ዶክተር፣" አለ፣ "የመረመራችሁት የእጅ መታጠቢያውን ውሃ ነው።"

"የላብራቶሪው ተላላኪ ትሪው ላይ ያገኘውን አንስቶ ነዋ የሄደው!" ብላ ነርሷ ጭንቅላቷን ያዘች። ዶክተሯ ያወረደችበትን ስድብ መፍቻ ቱቦ ፊቱ ላይ ሲፈነዳበት እንኳን ብሎት አያውቅም።

ሌላ ከረጢት ተለጠፈ። ሁሉም ዓይኑን እንትኑ ላይ ተክሎ ቆመ፤ ልጁ አላፈረም፣ ለቀቀው። በዚህኛው ምልክቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሰዓቱ ግን ገና አላለፈም ነበርና ወዲያው ማቀዝቀዣው ፍራሽ ላይ አስተኙት።

ለሚስቱ መንገር የመፍቻ ዕዳ ሆነ። "አየር አጥሮት ነበር። እያቀዘቀዙት ነው፤ በጊዜ ደርሰንበታል ብላለች ዶክተሯ።"

"ቅድም ንጹህ ነው አላልከኝም?"

"ቅድም የነገርኩሽ ስለ ቧንቧው ነው" አለ፣ እንባው አገጩ ላይ ደርሶ። "ቧንቧው ጤነኛ ነው።"

ትራሷን አንስታ ፊቱ ላይ ወረወረችው። ከዚያ እጇን ዘረጋችለት።

"ደግፈኝና ልጄ ጋ ውሰደኝ" አለች። "ከበረደውም ብቻውን አይበርደውም።"