የታቢታ ምዝገባ

«ቀኝ እጅሽን በራስሽ ላይ አሳልፊና ግራ ጆሮሽን ንኪ» አሉ መምህር ጌታቸው።

ታቢታ ነካች። ጣቶቿ ጆሮዋን አልፈው ጉንጯ ድረስ ወረዱ። ዕድሜዋ ለትምህርት ደርሷል ማለት ነው፤ እንዲያውም አልፏል።

«ስምሽ ማነው?»

«ታቢታ ኩማ» አለች እናቷ ካሰች።

«የት ነው የምትኖሩት?»

«እዚሁ አዲስ ከተማ ሰፈር። የቀበሌው ደብዳቤ ላይ አለ።»

መምህሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ከጧት ጀምሮ ልጅ ሲመዘግቡ ውለው ዓይናቸው ቀልቷል። «እህቴ፣ ልጅቷን ነው የጠየቅሁት።»

ካሰችም ደክሟታል። ከንጋት ጀምሮ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ገበያ ዓሣ ስትበልት ቆይታ፣ እጇን በሎሚ አሽታ ነው የመጣችው፤ ሽታው ግን አልለቀቃትም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህር። ስትናገር በአፍንጫዋ ነው። ሰው ቶሎ አይገባውም።»

መምህሩ የልጅቷን ፊት አዩ። ላይኛው ከንፈሯ ላይ ካለች ቀጭን ጠባሳ በቀር ምንም የለም።

ካሰችን ያሳሳታትም ይኸው ነው። ታቢታ ስትወለድ ከንፈሯም ላንቃዋም ስንጥቅ ነበር። በሦስት ወሯ አዲስ አበባ ከንፈሯ ሲሰፋ፣ ሐኪሙ «ላንቃዋ ይቀራል፤ ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላት መልሳችሁ አምጧት» ብሎ ነበር። ግን ፊቷ አማረ፣ ጎረቤትም እልል አለ። የዳነን ልጅ ደግሞ ማን ሐኪም ቤት ይመልሳል? አባቷ ኩማም ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ በዚያው ቀረ። ላንቃዋ የተዘጋው ባለፈው ዓመት፣ ስድስት ዓመት ከሞላት በኋላ ነው።

«ስፌቱ በደንብ ገጥሟል» አላት ሐኪሙ። «አንደበቷ ግን የድሮውን ለምዷል። ደጋግማ ካልተናገረች አይስተካከልም። አንቺ አትናገሪላት።»

እሺ ብላ ወጣች። እሺ ማለት ምን ይገዳል! የከበዳት፣ ሰው በልጇ ሲስቅ እያየች ዝም ማለቱ ነው። ታቢታ አፏን ልትከፍት ስትል እናቷ ትቀድማታለች፤ ልጅቷም ቀስ በቀስ መክፈቱን ተወችው።

«እኔ ክፍል ሰባ ልጅ አለ» አሉ መምህሩ። «እዚያ ማን ሊመልስላት ነው? ካልተናገረች ለከርሞ ብትመጣ ይሻላል።»

ከርሞ ደግሞ ስምንት ዓመቷ ነው። ካሰች ቀሚሷን ጨምድደው የያዙትን የልጇን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀች።

«ውጭ ነኝ» አለቻት።

መስኮቱ ሥር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። መምህሩ ስሟን እንደገና ሲጠይቋት ተሰማት። ብዙ ቆይቶ የታቢታ ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ በአፍንጫ የታፈነ።

«አልገባኝም፤ እስቲ ድገሚልኝ» አሉ መምህሩ።

ካሰች ብድግ አለች። መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ነከሰችና ተመልሳ ተቀመጠች።