ከድር የጠረገው ሮቦት

ወሰን በሚባለው ሰፈር አካባቢ መኪናው የተጫረበት ሰው ሁሉ አንድ ስም ያውቃል፤ ከድር ቀለሙ። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፣ እሱም ደስ ብሎት ተቀብሎታል። ከድር የቀባውን በር ከፋብሪካ ከወጣው በር ማንም አይለየውም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ ራሱ ከድር ነው፣ ያውም ሳይጠየቅ። በሌላ ነገር ብትናገሩት ይስቃል። በቀለም ግን ማንም ቀና ብሎ እንዲናገረው አይወድም።

እንግዲህ የተናገረችው የገዛ ልጁ ሰዓዲያ ሆነች።

ሰዓዲያ የኮሌጅ ተማሪ ናት። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ባለችው ቤታቸው፣ መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ ከክረምቱ ጀምሮ አንድ ትንሽ የፕላስቲክ ሮቦት ስትገጣጥም ከረመች። ቁመቱ ከእጅ መዳፍ አይበልጥም። ክፍሎቹ ከፕላስቲክ ፍሬም ጋር ተያይዘው ነው የሚመጡት፤ እያንዳንዱን በመቁረጫ ታላቅቃለች፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለች፣ ከዚያ ትገጥመዋለች። ጣቱ ብቻ ስንት ቁራጭ አለው! ፊቱ ላይ ከምስር ፍሬ ያነሱ ዓይኖች፣ አገጩ ላይ ደግሞ ፀጉር የመሰለ ቀጭን መስመር አለ።

ከድር መጀመሪያ ላይ "በዚህ ዕድሜሽ አሻንጉሊት?" እያለ አሾፈባት። ቆይቶ ግን ከሥራ ሲመለስ ሻዩን ይዞ አጠገቧ መቀመጥ አመጣ። በአፉ አላመነም እንጂ ወዶታል።

"ልቀባልሽ?" አላት አንድ ቀን።

"አይ አባዬ፣ ይሄ የራሱ ቀለም አለው። ሀሴት ታመጣልኛለች።"

ሀሴት መሪ ኮንዶሚኒየም የምትኖር ጓደኛዋ ናት። እንደነሱ ሮቦት የሚገጣጥሙ ልጆች ቅዳሜ እዚያ ኮሚናሉ፣ የነዋሪው የጋራ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው ሥራቸውን ሊያሳዩ ተቀጣጥረዋል። ሰዓዲያ ክፉ አልተናገረችም። ከድር ግን ደሙ ፈላ። የራሱ ቀለም አለው! ለእሱ! የስንቱን ባለሥልጣን መኪና የቀባ እጅ ለዚህች ፕላስቲክ አነሰ?

ዓርብ ጠዋት ሰዓዲያ ወደ ትምህርቷ ስትሄድ ሮቦቱን በፎጣ ጠቅልሎ ጋራዥ ወሰደው። ልብ በሉ፣ ተንኮል የለበትም። ስትመለስ ብር የመሰለ ሮቦት መስኮቷ ላይ ቆሞ ታያለች፣ "አባዬ!" ብላ አንገቱ ላይ ትጠመጠማለች፤ በቃ ያሰበው ይህንኑ ነው።

"አንተ ከድር፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ሕፃን ዕቃ ቀምተህ መጣህ?" አለው ላሜራ ሠሪው ፉፋ።

"አርፈህ ላሜራህን ቀጥቅጥ።"

ከድር ቀለም ከመንካቱ በፊት ሁልጊዜ የሚያደርጋት ነገር አለች። ቅባትና የእጅ ወዝ ካለ ቀለም አይዝም፤ ስለዚህ የሚቀባውን ነገር የቀለም ማቅጠኛ ቲነር በነካው ጨርቅ ይጠርገዋል። በሕይወቱ ሳይጠርግ የቀባው ነገር የለም። ልጁ ስታሻሸው የከረመችው ሮቦት ደግሞ ወዝ አያጣም። ቀዩን ጨርቅ ነከረ፣ ጨመቀ፣ ፊቱን ጠረገው። ለልጁ ነውና፣ ይጥራ ብሎ ደገመው።

ጨርቁ ያዝ አደረገው። ሲያነሳው ዓይኖቹ የሉም። አገጩ ላይ የነበረው መስመር የለም። ፊቱ እንደተላሰ ከረሜላ ሙልጭ ብሏል፤ ቀያይ የጨርቅ ክሮችም ተጣብቀውበታል። ደንግጦ ክሮቹን በጥፍሩ ልልቀም ሲል የአውራ ጣቱ አሻራ ደረቱ ላይ ታተመ።

"ያ አላህ!"

ቲነር ፕላስቲክ እንደሚበላ ከድር አያውቅም እንዴ? ኧረ ያውቃል! የመኪና መብራት ሽፋን በቲነር እንዳይነኩ ስንቱን ሲቆጣ የኖረ ሰው ነው። እጁ ነው የቀደመው። እጁ ሮቦቱን በር አድርጎ ጠረገው።

ፉፋ አንገቱን አስግጎ አየ። ከድር ይስቅብኛል ብሎ ሲጠብቅ ፉፋ አልሳቀም።

"ደውልና ንገራት" አለው። "አሁኑኑ። ልጅህ ናት፣ አትበላህም።"

ከድር ስልኩን አወጣ። ስሟን አየና መልሶ ኪሱ ከተተው።

ቤት ሲደርስ ሮቦቱን እንደነበረ መስኮቱ ላይ አቆመው። እጁን በሳሙና ደጋግሞ ታጠበ። ሰዓዲያ ገብታ ቦርሳዋን ሳታወርድ አየችው።

"አባዬ፣ ይሄ ምን ሆነ?"

"እኔ እንጃ" አለ ከድር። "ፀሐይ ይሆናል።"

ፀሐይ! የየካ ፀሐይ ዓይን አጥፍቶ ቀይ ክር ይተክል ይመስል! ሰዓዲያ አነሳችው፣ አገላበጠችው፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ከዚያ አባቷን አየችው። ከድር ከመስኮቱ ባሻገር የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ያይ ጀመር፣ እዚያ የጠፋበት ነገር እንዳለ ሁሉ።

"እሺ" አለች ቀስ ብላ። "መስኮት ላይ መተው አልነበረብኝም።"

ከድር እፎይ አለ። ወዲያው እፎይ ማለቱ አሳፈረው፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ጥፋቱን ሠርቶ፣ ዋሽቶ፣ አሁን ደግሞ ልጅቷ ጥፋቱን ስትሸከምለት ደስ ይለው?

ራት ላይ ሁለት ጊዜ ጎርሶ እጁን ታጠበ። ሚስቱ "ምን ሆነሃል?" ስትለው "ደክሞኝ ነው" አለ። ዜና ማየት የማትወደው ሰዓዲያ ዛሬ አጠገቡ ተቀምጣ ዜና ታያለች። ሻይ ቀድታ ሰጠችው።

"ሥራ እንዴት ዋለ አባዬ?"

"ደህና ነው።"

ወደ እሱ ዞረች። "ዛሬ ምን ቀባህ?"

"አንድ ሚኒባስ" አለ ከድር።

ሰዓዲያ ብርጭቆውን አነሳች። ደህና እደር ብላው ገባች።

ቅዳሜ ሮቦቱን በጫማ ካርቶን ውስጥ አድርጋ ስትወጣ አያት።

"ትሄጃለሽ እንዴ? እንዲህ ሆኖ?"

"ምን ላድርግ? የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ።"

"ልሸኝሽ" አለ። ለምን እንዳለ አላወቀም። ብቻዋን ያንን ካርቶን ይዛ ስትወርድ ማየት አልቻለም። መገናኛ ድረስ በታክሲ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሄዱ፤ ከመገናኛ መሪም እንዲሁ። አፉን በከፈተ ቁጥር ወይ ረዳቱ ይጮሃል፣ ወይ ሰው ይወርዳል። ረዳቱ ባይጮህም የሚናገር አይመስለኝም።

ኮሚናሉ ውስጥ ጠረጴዛው በሮቦት ተሞልቷል፤ ሁሉም ተቀብቶ፣ ተወልውሎ። ሰዓዲያ የራሷን ከመሃል አቆመችው። ሀሴት እየሳቀች መጣችና ፊቱን ስታይ ሳቋ ጠፋ።

"ውይ ሰዲ! ፊቱን ምን አገኘው?"

ሰዓዲያ ወደ አባቷ አላየችም። "እኔ ነኝ። ልቀባው ብዬ በቲነር ጠረግኩት። አባዬ እንኳ እንዳትነኪው ብሎኝ ነበር።"

ቲነር። ቃሉን ከአፏ ሲሰማ ከድር ቀና ብሎ አያት። ታውቃለች። ትናንት ሮቦቱን ያሸተተች ጊዜ ነው ያወቀችው።

ሀሴት ወደ እሱ ዞረች። "ጋሼ ከድር እርስዎ ነዎት? ስለ እርስዎ አውርታ አትጠግብም እኮ! አባቴ የነካው ነገር ሁሉ ያምራል ትለናለች። ምነው ለእርስዎ በሰጠችዎት!" አንዱ ልጅ ወንበር ሳበለት። "ይቀመጡ እንጂ ጋሼ።"

ከድር ወንበሩን አየው።  እንዴት ብሎ ይቀመጥ?

"እኔ ነኝ" አለ።

"ምን አሉ ጋሼ?"

"እሷ አይደለችም። ደብቄ ወስጄ እኔ ነኝ በቲነር የጠረግኩት። ከዚያ ፀሐይ ነው ብዬ ዋሸኋት።"

 ከልጆቹ አንዳንዱ ጠረጴዛውን ያያል፣ አንዳንዱ ጫማውን። ሰዓዲያ ክንዱን ይዛ ወደ በሩ አወጣችው። ታለቅሳለች ብሎ ነበር፤ አላለቀሰችም።

"እዚህ ማን ጠየቀህ አባዬ?" አለች።  "ትናንት እኮ ስጠብቅህ አመሸሁ። ሻይ ሰጠሁህ። ምን ቀባህ ብዬ ጠየቅኩህ። ሚኒባስ አልከኝ!"

"ፈርቼሽ ነው።"

"እኔን?"

"አንቺን።" ከድር አንገቱን ደፋ። "ከዚህ በኋላ እጄን አታምኚውም ብዬ ፈራሁ።"

"እጅህንማ አሁንም አምነዋለሁ" አለች ሰዓዲያ።

ከድር ቀሪውን፣ ስለ አፉ የምትለውን፣ እንድትናገር ጠበቀ። እሷ ግን ወደ ጓደኞቿ ተመልሳ ገባች።