ምልክት የሌለው ግንድ

የሃርኮምን እርሻ የሚያከራየው የርስቱ ጽሕፈት ቤት እንደሚለው፣ ትልቁ ጎተራ የተጣመመው ተከራዩ ገበሬ ኢኖክ ፕሮውስ ግድግዳን ከግድግዳ አስረው ከያዙት አግዳሚ ግንዶች አንዱን ስለቆረጠ ነው። ኢኖክ ፕሮውስ እንደሚለው ደግሞ ግንዱን የቆረጠው በጦርነቱ ጊዜ ጎተራው ውስጥ መኪና ያቆም የነበረው ጦር ነው፤ እሱ ያኔ ገና ሚስት እንኳ አላገባም ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለቱም ወገን ከቃሉ ፍንክች አላለም። ጣሪያው ግን ግድግዳዎቹን ወደ ውጭ መግፋቱን ለአንድ ክረምትም አላቆመም።

የኢኖክ ልጅ ሄስተር እውነቱን ታውቃለች። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አዲሱ ኮምባይነር በትልቁ በር ገብቶ፣ ጎተራው ውስጥ ያለውን አውድማ አልፎ ወደ ጎን ሲታጠፍ አናቱ ከግንዱ ጋር እየተጋጨ አስቸገረ። አንድ እሑድ፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ አባቷ የሞተር መጋዝ ይዞ መሰላል ላይ ወጣ። መሰላሉን የያዘችው እሷ ናት። ሲወርድ፣ «ምንም አላየሽም» አላት። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስተውት አያውቁም።

ኢኖክ ያገኘውን የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። የድሮ አናጢዎች የጎተራውን እንጨት በገዛ ግቢያቸው ገጣጥመው፣ በየመጋጠሚያው በመሮ የጭረት ቁጥር ይቀርጹበትና አፍርሰው በጋሪ አምጥተው በቁጥሩ መሠረት መልሰው ያቆሙታል። ስለዚህ በሃርኮም ሰው ዘንድ፣ ጭረት የሌለው እንጨት ኋላ የመጣ እንግዳ ነው፤ ቢሄድም ጎተራው አይጎዳም ይባላል። ኢኖክም ሁሉንም ዞሮ አይቶ ጭረት ያጣበትን መርጦ ነው የቆረጠው።

አሁን ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ግራ ጎኑ አይታዘዝለትም። የኪራይ ውሉ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ተከራይ የርስቱን ሕንፃ ግንድ ከቆረጠ እስኪሞት ይኖርበታል እንጂ ለልጁ አይተላለፍም። ካልቆረጠ ግን ልጁ በፈረንጆቹ መስከረም መጨረሻ በሚውለው የቅዱስ ሚካኤል ዕለት ትፈርማለች፤ የምትፈርመውም ለዕድሜ ልክ ነው። ጎተራው በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ማፍረስም መለወጥም አይቻልም፤ የፈረመ ሰው ሲደግፈው ይኖራል። ሄስተር አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ባሕሩ ሃያ ማይል ቢርቅ ነው፤ እሷ ግን አንድም ቀን እዚያ አድራ አታውቅም። ላሞቹ ጧትና ማታ ይታለባሉ።

ለበዓሉ አራት ቀን ሲቀረው፣ ርስቱ ለምርመራ የላከው ሽማግሌ አናጢ አምብሮስ ታር ከፈረስ ጋጣው ውስጥ ጠራት።

«ነይ እስቲ፣ አንቺ ልጅ። ፈረሶቹ ከሞቱ ስንት ጊዜ ሆናቸው?»

«ሃያ ዓመት።»

«ግርግማቸው ግን ከኔ ጥርስ በስንት ጣዕሙ።»

የግርግሙን የኋላ እንጨት ከግድግዳው ነቅሎ ገልብጦታል። ግድግዳው ጋር ተጣብቆ በኖረው ፊቱ ላይ አራት ጭረት ተደርድሯል።

«አራተኛው ግንድ ይኸውልሽ። ጭረቱ ከላይ በኩል ነበር፤ የርግብ ኩስ ሸፍኖት መሆን አለበት። ጫፉን ደግሞ እይው፣ የሞተር መጋዝ ነው። ጦሩ ይኼ ነበረው የሚለኝ ካለ፣ ያምጣና ያሳየኝ።»

ሄስተር ጭረቶቹን በጣቷ ነካቻቸው። ከተቆረጠው ግንድ ግርግሙን የሠራው አባቷ ነው። ጭረቱን ወደ ግድግዳ ያዞረውም እሱ ነው። ግንዱ በወረደበት ቀን መሳሳቱን አውቋል ማለት ነው።

«ትነግራቸዋለህ?» አለችው።

«አስተዳዳሪው ሌቨሬት እየመጣ ነው። ወይ እንጨቱን ወደ ግድግዳው እመልሰዋለሁ፣ ወይ እንዲህ እንደተገለበጠ እተወዋለሁ። እኔ ነገ እሄዳለሁ፤ እዚህ የምትኖሪው አንቺ ነሽ። አንቺ በይኝ።»

 ሰሞኑን ሁሉ አናጢው እንዲደርስበት፣ ደርሶም እንዲናገር ስትመኝ እንደነበር ገባት፤ እሷ አፏን ሳትከፍት የመሄጃዋ በር በሰው እጅ እንዲከፈትላት። እውነቱ ለእሷ ይመቻታል፤ ለአባቷ ግን አይመቸውም። ስለዚህ እውነቱ እንዲነገር የፈለገችበትን ምክንያት ራሷም አላመነችውም። «ቆይ» ብቻ አለች።

የርስቱ አስተዳዳሪ ሚስተር ሌቨሬት ወረቀቱን በብብቱ ይዞ ገባ። ኢኖክ ምርኩዙን እየጎተተ ተከተለው።

«ሚስ ፕሮውስ፣ መጨቃጨቁ ሰልችቶናል» አለ ሌቨሬት። «ጦሩ ነው ካላችሁ ጦሩ ይሁን። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይኼን ረግረግ የሚከራይ ሌላ ሰው የለንም። ሚስተር ታር ካልተቃወሙ እንጨርሰው።»

«ሰማሽ፣ ሄስቲ?» አለ ኢኖክ። «አያቴ የገባበት ቤት ነው። አሁን ያንቺ ሆነ።»

«እንኳን ደስ ያለሽ እንበላ» አለ አምብሮስ፣ ማንንም ሳያይ።

የኢኖክ ዓይን ያን ጊዜ አራቱ ጭረቶች ላይ አረፈ። ምርኩዙን በሁለት እጁ ሊይዝ ሞከረ፤ ግራው እምቢ አለው።

«ግርግሙን ማነው የነካው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

 ሌቨሬት ወረቀቱን ዘርግቶ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ። ሄስተር እስክሪብቶውን ተቀበለችው፤ ክዳኑን ሳትከፍት ጥቂት ያዘችውና መለሰችለት።

«የቆረጠው አባዬ ነው» አለች። «መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«ሄስቲ...»

«ቆይ አባዬ፣ ልጨርስ። ሚስተር ሌቨሬት፣ በግንዱ ምክንያት ውሉን ተነጠቁ ብለው ግን እንዳይጽፉብን። ግንዱ ባይቆረጥም አልፈርምም ነበር። አባዬ በሕይወት እስካለ አብሬው እኖራለሁ፣ ላሞቹንም አልባለሁ። ከእሱ በኋላ ግን አንድ ቀን አላድርም፤ እሄዳለሁ።»