ቀይና አረንጓዴ ወንበሮች

ሰውየው ስም ነበረው፤ በመዝናኛ ፓርኩ አሥራ ስምንት ዓመት ትልቁን ተሽከርካሪ ጎማ ሲያንቀሳቅስ ስለኖረ ግን ጋሽ ጎማ ብለውት ቀረ። ጎማው ሃያ ወንበር አንጠልጥሎ ሰው ወደ ሰማይ አውጥቶ የሚመልስ ብረት ነው። የሞተሩ ቁልፍ ከጋሽ ጎማ እጅ ወጥቶ አያውቅም። አሁን ሊወጣ ነው።

ወረርሽኙ ፓርኩን ስምንት ወር ዘግቶት ከረመ። ሊከፈት ሲል አዲስ ሹመት ተፈጠረ፤ የጥንቃቄ ኃላፊ የሚሉት። የተሾመው የጋሽ ጎማ እህት ባል ነው። ብሎን ከሚስማር አይለይም፤ ዲፕሎማ ግን አለው። በሠርጉ ቀን ሚዜዎቹ ፊት «ወንድምሽ ስድስተኛ ክፍልን በስንት ዓመት ጨረሰ?» ብሎ ሙሽራይቱን ጠይቆ ሰዉን አስቆበታል። ያ ሳቅ ጋሽ ጎማን እስከ ዛሬ እንደ ጥርስ ሕመም ይነዘንዘዋል።

ኃላፊው በየበሩ ሳኒታይዘር አንጠለጠለ፤ ሰልፈኛ ተራርቆ እንዲቆም መሬቱ ላይ የጫማ ምስል ለጠፈ፤ የራሱን ጭምብል አገጩ ላይ አውርዶ ጭምብል ያላደረገውን ሲቆጣ ዋለ። እሱስ ይሁን። ቀጥሎ ወደ ጎማው መጣ። ሰው እንዳይጠጋጋ ግማሹ ወንበር ባዶ ይሁን አለ፤ ይህም ልክ ነው። ነገር ግን ባዶዎቹን ሁሉ ባንድ ወገን ሰበሰባቸው፤ ከአንድ እስከ አሥር አረንጓዴ ተቀብተው ሰው ይጫንባቸው፣ ከአሥራ አንድ እስከ ሃያ ቀይ ሆነው ባዷቸውን ይዙሩ። ወንበር አጣቢዎች እንዳይደናገራቸው ነው አለ።

ጋሽ ጎማ፣ ጎማ ማለት ሚዛን ነው፤ አንዱን ሞልተህ አንዱን ካልዘለልክ ሞተሩ አይችለውም ብሎ ነገረው።

«ጋሼ፣ ይሄ ጥናት ነው» አለ አማቹ። «አንተ ቀባው ብቻ። ከጤና ቢሮ ፍተሻ በኋላ ቁልፉን ለተማረ ሰው እንሰጠዋለን፤ አንተ ወንበር ታጥባለህ።»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው። ጋሽ ጎማ ቀባ። ፍሬኑንም ሁለቴ ፈተሸ፤ ጎማው ቢያሳፍር እንጂ ሰው እንደማይጥል አወቀ።

ለፍተሻው ከጤና ቢሮ አንዲት ሐኪም መጣች። ኃላፊው ቀድሟት አንደኛው ወንበር ላይ ወጣ፤ እሷ እዚያው ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ቀሪዎቹን አረንጓዴዎች ሠራተኞች ሞሏቸው። አሥረኛው ሲጫን ሞተሩ አቃሰተ፤ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ብረቱ ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተንሸራተተና አረንጓዴውን ወገን ሁሉ ወደ ታች ጣለው። አንደኛው ወንበር መሐል አየር ላይ ቀረ።

«ጋሼ!» አለ አማቹ ከላይ። ጭምብሉ አሁን እስከ ዓይኑ ወጥቷል።

ጋሽ ጎማ አልቸኮለም። ከታች ያሉትን አወረደ፤ ከዚያ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ። በዚህ ሥርዓት መጀመሪያ የወጣው መጨረሻ ይወርዳል፤ ይህን የደነገገው ብረቱ ነው። አርባ ደቂቃ ፈጀ።

ሐኪሟ እንደወረደች፣ ማሽኑ ከተበላሸ ፓርኩን አሽገዋለሁ አለች።

«ወንበሮቹን የቀባው እሱ ነው» አለ አማቹ፣ በጣቱ እያመለከተ።

ጋሽ ጎማ ጥፍሩ ሥር የደረቀውን ቀይ ቀለም አየ። ለዚህ ሰው ቃል ማባከን አስጠላው።

«ጎማው ጤነኛ ነው ዶክተር። እዚሁ ቆመው ይዩ» አላት። ቀለሙን ትቶ፣ አንድ እየሞላ አንድ እየዘለለ ሠራተኞቹን ጫነ። ብረቱ ኮሽ ሳይል ዞረ። ሐኪሟ ሁለት ዙር አይታ፣ ፓርኩ ይከፈት፣ ቁልፉም ከዚህ ሰው እጅ አይውጣ ብላ ጻፈች።

በማግስቱ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «በጥንቃቄ ኃላፊው ጥናት መሠረት አንድ ወንበር እየተዘለለ ይጫናል» ይላል፤ የኃላፊው ፎቶግራፍም አለበት። ጋሽ ጎማ ቆሞ አነበበው። ስድስተኛ ክፍል ለማንበብ ይበቃል።

አማቹ አሁን ጠዋት ጠዋት ይመጣል፤ ሁለት ሜትር ርቆ ይቆምና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ዛሬ ከየትኛው እንጀምር?» ይላል። ጋሽ ጎማ ጭምብሉ ሥር ከንፈሩን አጣሞ ቁልፉን ከኪሱ ያወጣል።