ያስለዋል

ወይዘሮ ብዙነሽ ቤቷ አጠገብ ፋርማሲ እያለ፣ ደብረ ብርሃንን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ ባለ ፋርማሲው ተስፋሚካኤል ዘንድ ትሄዳለች። ጎረቤቶቿ «እዚያ ይረክሳል እንዴ?» ሲሏት «ሰውዬው ደግ ነው» ብላ ታልፋለች። ደግነቱስ እውነት ነው። እሷን የሚጎትታት ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ባሏ ዘርአ ዳዊት እዚያ ፋርማሲ ውስጥ ገና አልሞተም።

ዘርአ ዳዊት ከብርድ ልብስ ፋብሪካ በጡረታ የወጣ፣ ልቡን የሚያመው፣ ግራ እግሩን የሚጎትት ሰው ነበር። መድኃኒቱን ዘመኑን ሁሉ የገዛው ከተስፋሚካኤል ነው። ክረምቱ ሊገባ ሲል ሕመሙ ድንገት ጸናበትና አረፈ፤ ወስደው ዘመዶቹ ዘንድ አንኮበር ቀበሩት። ከለቅሶው በኋላ ብዙነሽ የራሷን የደም ግፊት መድኃኒት ልትገዛ ስትሄድ፣ ተስፋሚካኤል ገና ከበሩ ፈገግ ብሎ ተቀበላት።

«ጋሼስ? ብርዱ እንዴት አደረጋቸው?»

ሞተ ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ቃል ግን ሌላ ሆነ።

«ደህና ነው። ትንሽ ያስለዋል።»

ይህን እንዳለች ከኋላዋ፣ ዘርአ ዳዊት ተራ ሲጠብቅ ይቀመጥበት ከነበረው አግዳሚ ላይ፣ ሳል ሰማች። ዞር አላለችም። ዞር ካለች እንደሚጠፋባት ልቧ ነግሯታል።

ከዚያ ወዲያ በየወሩ ተመላለሰች። ጥቁር ቀሚሷ እንዳይታይ የባሏን ካፖርት ትደርባለች፤ ጥቁሩን ሻሽ መንገድ ላይ ፈትታ ነጭ ታስራለች። የሁለቱንም መድኃኒት ትገዛለች። ስትመለስ ግራ እግሩን የሚጎትት ሰው ኮቴ እስከ ደጇ ይከተላታል፤ በሩን ስትከፍት ጸጥ ይላል። የሱ መድኃኒት ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ እንደታሸገ ልብሶቹ መሐል ይከማቻል።

በጥር የልብ መድኃኒቱ ከገበያ ጠፋ። ብዙነሽ ፋርማሲው ስትደርስ አንድ ጎልማሳ ተስፋሚካኤልን ይማጸናል። ኢድሪስ ይባላል፤ አባቱን ከአሊዩ አምባ አምጥቶ ሆስፒታል አስተኝቷል።

«ከተማውን አዳረስኩት ወንድሜ፣ ወላሂ የትም የለም!»

«የቀረችኝ ይቺ ብቻ ናት፤ እሷንም ለደንበኛዬ ነው ያስቀመጥኳት» አለ ተስፋሚካኤል። ወዲያው ብዙነሽን አያት። «ይኸው፣ ባለቤታቸውም መጡ።»

ኢድሪስ ወደ እሷ ዞረ። «እናቴ፣ የአባቴ ትንፋሽ እያጠረ ነው። እርስዎም ለባልዎ ነው የመጡት፤ ምን ብዬ ልለምንዎ?» አለና አንገቱን ደፋ።

ከአግዳሚው ሳሉ ተሰማ። ብዙነሽ ይህን ጊዜ ዞረች። አግዳሚው ባዶ ነበር።

«ስጠው» አለች።

«ጋሼስ?»

«ዘርአ ዳዊት አርፏል። ካረፈ ቆየ። የገዛሁለትም ቤት እንደታሸገ አለ፤ ይቺ ስታልቅ ይወስዳል።»

ተስፋሚካኤል መድኃኒቱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። «ባለፈው ወር እኮ ያስለዋል ብለውኝ ነበር።»

«ያስለዋል» አለች። «አንተ ስትጠይቀኝ ያስለዋል።»

ኢድሪስ መድኃኒቱን በሁለት እጁ ተቀበለና «አላህ ይዘንላቸው» ብሏት እየሮጠ ወጣ። እሷም ካፖርቱን እየጎተተች ወደ ቤቷ አዘገመች። በየመታጠፊያው ቆም እያለች ጆሮዋን ጣለች። ከባጃጆች ጩኸት በቀር የሚከተላት አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተስፋሚካኤል ቤቷን አጠያይቆ ከሚስቱ ጋር መጣ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ዕንባው ቀደመው። «ጋሼ! ሳልቀብርዎት! አፈር ሳላለብስዎት!»

በቀብሩ ዕለት «አይ ጥንካሬ!» የተባለላት ብዙነሽ ደረቷን እየደቃች ጮኸች። ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ በሩጫ ደረሱ።

«ምነው? ማን ሞተ?»

«ዘርአ ዳዊት» አለቻቸው። «ዘርአ ዳዊት ሞተብኝ!»