ባለቤት የሌለው መዝገብ

ኢልካ ብራንዶርፍ በምድር ቤቱ የቀረውን የብረት መደርደሪያ ብሎን እየፈታች ሳለ የሥራ ባልደረባዋ ፎልክማር ከላይ ጠራት። ካቻቪቴዋን አስቀምጣ፣ እጇን በሱሪዋ እየጠረገች ወጣች።

ከመቀበያው ጠረጴዛ ፊት ካፖርታቸው በዝናብ የራሰ አሮጊት ቆመዋል። ሮስቪታ ኬልም እባላለሁ አሉ፤ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ነው የመጡት።

"የኤልመንታል ወረዳ ጽሕፈት ቤት ይህ ነው?"

"ነበር" አለች ኢልካ። "ወረዳው ፈርሶ ከሀርስቤክ ጋር ከተቀላቀለ ሃምሳ ዓመት አለፈው። እኛ የሀርስቤክ ቅርንጫፍ ነን፤ እኛም አርብ እንዘጋለን።"

"አውቃለሁ። እዚህ ብጽፍ፣ እንዲህ የሚባል ወረዳ የለም ተብሎ ደብዳቤዬ ተመለሰ። ሀርስቤክ ብጽፍ፣ ከውህደቱ በፊት የነበረ ወረቀት እኛ ዘንድ የለም አሉኝ። የመኪና ታርጋ ላይ ግን የድሮው ወረዳ መለያ ፊደል ተመልሷል፤ ደጃችሁ ካሉት መኪኖች ግማሹ ለጥፎታል።"

"ፊደሉ ያምራል ብለው ነው" አለ ፎልክማር ከመዝጊያው ላይ የስም ወረቀት እየላጠ።

አሮጊቷ አልሳቁም። ኢልካ ወንበር ስታቀርብላቸው ተቀምጠው የመጡበትን ጉዳይ ተናገሩ። በ1958 የጸደይ ወራት የወረዳው መኪና ደጃቸው ቆሞ የስድስት ዓመት ወንድማቸውን ኦትማርን ይዞት ሄደ። እሳቸው ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። እናትየው የምታበላው ብታጣ ፈርማ ሰጠችው ሲል መንደሩ አወራ። እናት አዎም አላለች፣ አይደለምም አላለች። ኦትማር ሃያ ሳይሞላው ሞተ፤ መርዶው የመጣው ከማያውቁት ከተማ በፖስታ ነው። ሮስቪታ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ከቤት ወጥተው አልተመለሱም። እናታቸው ሲቀበሩም አልመጡም።

"ባለፈው ወር አንዲት የድሮ ጎረቤታችን አልጋ ላይ ሆና አስጠራችኝ። እናትሽ አልፈረመችም፣ በግድ ነው የወሰዱባት አለችኝ። በሳምንቱ አረፈች። ከእንግዲህ የምጠይቀው ሰው የለም። ያንን ወረቀት አሳዩኝ። ፊርማው ወይ አለ፣ ወይ የለም።"

ኢልካ መዝገቡን ታውቀዋለች። በስተሰሜን ግድግዳ የነበሩት ሠላሳ አንድ ሳጥኖች ናቸው፤ "በወረዳው ውሳኔ ከቤት የተወሰዱ ልጆች" የሚል ተጽፎባቸው ነበር። ባለፈው ሐሙስ የወረቀት መክተፊያው መኪና ጭኗቸው ሄደ። ከሀርስቤክ በመጣው የሚወገዱ ሰነዶች ዝርዝር ላይ በትይዩው "የፈረሰ ወረዳ፣ ባለቤት የሌለው" ይላል። ከግርጌው "ተመልክቼ አረጋግጫለሁ" የሚል መስመር ነበር። ሳትመለከት ፈረመችበት።

ፎልክማር ወደ ጓዳው በዓይኑ ጠቀሳትና ተከትላው ገባች።

"በውህደቱ ጊዜ ጠፋ በያቸው፣ ይሂዱ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሃምሳ ዓመት ለመጣ ሁሉ ስንለው የኖርነው ነው።"

"ሐሙስ ዕለት እዚህ ነበር እኮ፣ ፎልክማር።"

"እና? ብትነግሪያቸው ተመልሶ ይገጣጠማል? ጡረታሽ አምስት ወር ነው የቀረው። አርፈሽ ተቀመጪ።"

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሠላሳ ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ እሷም ብትሆን ለሌላ ሰው ይህንኑ ትመክር ነበር። ተመልሳ አሮጊቷ ፊት ተቀመጠች።

"መዝገቡ እስካለፈው ሐሙስ ድረስ እዚህ ምድር ቤት ነበር" አለች። "አሁን የለም። እንዲወገድ የፈረምኩት እኔ ነኝ።"

ሮስቪታ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ።

"አይተሽው ነበር?" ድንገት አንቱታው ቀረ።

"ከፈረምኩ በኋላ አንዱን ሳጥን ከፍቻለሁ። ከላይ በእርሳስ የተጻፈ የአንዲት እናት ደብዳቤ ነበር። ልጄን መቼ ትመልሱልኛላችሁ ይላል።"

"የማን እናት?"

ኢልካ "የእርስዎ" ብትል የሚያስተባብላት አንድ ወረቀት በምድር ላይ የለም። አሮጊቷም ቢያንስ ዛሬ ማታ እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር።

"ስሙን አላየሁም" አለች። "ሾፌሩ እየጠበቀ ነበር፤ ከደንኩት።"

"ከደንሽው።"

"አዎ።"

ሮስቪታ ጓንታቸውን አንድ በአንድ አጠለቁ። አላለቀሱም፤ አልተቆጡም። "ስድሳ ዓመት ጠልቻታለሁ" አሉ ወደ መስኮቱ ዞረው። "አሁን ልተወው ወይስ ልቀጥል፣ የሚነግረኝ የለም።"

ኢልካ ከመሳቢያው ባዶ ወረቀት አወጣችና መጻፍ ጀመረች፦ መዝገቡ እንደነበረ፣ በየትኛው ቀን እንደተከተፈ፣ ማን እንደፈቀደ። ፎልክማር ከበሩ ላይ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ።

"የእናትዎ ስም ማን ነበር?"

"ምን ያደርግልሻል?"

"ልጽፈው ነው።"

"ሄርታ" አሉ አሮጊቷ ቀስ ብለው። "ሄርታ ዙንደርማን።"

ጻፈችው። መፈረም አለመፈረማቸው ከእንግዲህ ሊታወቅ እንደማይችልም ከሥሩ አሰፈረች። የቢሮው ማኅተም ግን ሰኞ ዕለት ወደ ሀርስቤክ ተልኳል። የራሷን ስም በሙሉ ጽፋ ፈረመች። ከአርብ በኋላ የሚጠየቅ ቢሮ ስለማይኖር፣ ከፊርማዋ ሥር የመኖሪያ ቤቷን አድራሻ ጨመረችበት።